ማስረጃው መርሳ ነው

መርሳ ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምጽፈው በአብዛኛው ማመልከቻ ነው። የመሬት ክርክር፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ «የጠፋብኝ መታወቂያ ይተካልኝ»። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን አንድ ዓይነት ማመልከቻ በዛብኝ። «ልጄ ሳዑዲ ታስሮብኛል» የሚል። ለማን እንደሚጻፍ እናቶቹ አያውቁም። እውነቱን ለመናገር እኔም በደንብ አላውቅም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ እጀምራለሁ።

ዛሬ ስለ አንዱ ልጽፍ ነው። የልጁን ስም አልጠራም፣ ቀበሌውንም አልናገርም። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ እናቱም «ጻፈው ልጄ፣ ስም ግን አታንሳ» ብለውኛል።

አምና ሰኔ ላይ ነው የመጡት። ስክሪኗ የተሰነጠቀ ቴክኖ ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። አዲስ አበባ ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእሳቸው ላከችላቸው። «ይቺን ስማልኝና ያለውን ጻፍልኝ» አሉኝ። በኢሞ የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ልጃቸው ከእስር ቤት ሆኖ በሌላ እስረኛ ስልክ የላከው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ሞት ተፈርዶበታል። እንዲያው ዝም ብሎ እንደ ተራ ወሬ ነው የሚናገረው። ይግባኝ አለ እንዳሉት፣ ይግባኙን ማን እንደሚጽፍለት ግን እንደማያውቅ። ድንበር ላይ ሲያዙ አምስት ነበሩ፣ ጆንያው ሦስት። ደላሎቹ «ጫት ነው» ብለው አሸከሟቸው፤ ጆንያው ሲፈታ ሀሺሽ ሆኖ ተገኘ። በተያዘ ማግስት አረብኛ ወረቀት አቅርበው አስፈረሙት። ፍርድ ቤት የመጣለት አስተርጓሚ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነበር፤ ልጁ ኦሮምኛ አይችልም። በወረቀቱ ላይ ሦስቱም ጆንያ የእሱ ነው ተብሎ ይጻፍ፣ አንዱ ብቻ ይጻፍ፣ እስካሁን አያውቅም። የፍርዱን ግልባጭ አልሰጡትም። «እማ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የያዙን፣ ይህን ለሰው ንገሪ» ይላል። ቀኑን ለምን እንዲነገርለት እንደፈለገ ያኔ አልገባኝም። ምናልባት እርግጠኛ የሆነበት ነገር እሱ ብቻ ሆኖ ይሆናል።

የሀብሩን ልጆች መንገድ የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ከመርሳ ወይ ከወልድያ ተነስቶ አፋርን አቋርጦ ጂቡቲ ይገባል። ከኦቦክ በጀልባ የመን። ከዚያ ሰዓዳ፤ ከሰዓዳ ተራራውን ይዞ ወደ ጂዛን ወይ ወደ ነጅራን። በየመሐሉ ደላላ ለደላላ ይሸጠዋል። አንዱ ካስከፈለ በኋላ ሌላው እንደ አዲስ ያስከፍላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ ብቻ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በዚያ ተራራ ላይ እንደገደሉ ጽፏል። ለእኛ አካባቢ ሰው ይህ ዜና አልነበረም። ለቅሶው ከሪፖርቱ በፊት ደርሶን ነበር።

ወደ ስልኳ ልመለስ። ማመልከቻ ላይ ቀን ያስፈልጋል ብዬ ኢሞውን ወደ ላይ እየሳብኩ የድሮ መልእክቶችን ማየት ጀመርኩ። አንድ የማላውቀው የየመን ቁጥር አለ። ከሱ የመጣች አርባ ሰባት ሰከንድ ድምፅ። ከፈትኳት።

የሚናገረው ደላላው ነው። አማርኛው የእኛው አማርኛ ነው፤ ከወርጌሳ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ላይ ያደገ ሰው ነው ብዬ ብምል አላፍርም። እህትየውን ነው የሚያናግራት። ገንዘቡ እስከ ዓርብ ካልገባ ልጁ «ዕቃ ይሸከማል» ይላታል። ተሸክሞ ካለፈ ዕዳው አለቀ፣ ካላለፈ የእኔ ጉዳይ አይደለም። መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ ሊቆረጥ ሲል፣ ከኋላው ሌላ ድምፅ ይሰማል። «እማ፣ በሬውን እንዳትሸጭው።»

እናትየው ይቺን መልእክት ሰምተው አያውቁም። እህትየው ገንዘቡን ብቻ ነው የነገረቻቸው፤ ሌላውን ለራሷ ያዘችው። እኔም አስቤበት አይደለም የከፈትኩት፣ ድምፁን ቀንሼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። ዝም አሉ። ቆይተው «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። በሬውን ግን ያኔ ሸጠውት ነበር።

ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ቀን ስቆጥር አመሸሁ። ሦስት ዘመን አቆጣጠር ነው። ስልኩ የሚያሳየው በፈረንጅ ነው፤ የካቲት 27 ቀን 2024፣ ማክሰኞ። በእኛ የካቲት 19 ቀን 2016። ልጁ ደግሞ በሂጅራ ነው የነገረን። ሳዑዲ የዚያን ዓመት ረመዳን የጀመረችው በእኛ መጋቢት 2፣ ሰኞ ቀን ነው። ሁለት ቀን ወደ ኋላ፣ የካቲት 30፣ ቅዳሜ። ከደላላው መልእክት እስከ ተያዘበት ቀን አሥራ አንድ ቀን። በመካከሉ ደግሞ የባንክ ደረሰኝ አለ። ረቡዕ የካቲት 20 እህትየው ስድሳ ሺህ ብር አስገብታለች። ደላላው የጠየቀው መቶ ሃምሳ ነበር። ዓርብ አለፈ፣ ዘጠና ሺው አልሞላም። ልጁ ተሸከመ።

(መልእክቱ በእህቱ ስልክ የመጣበትን ምክንያትም ልናገር። ያኔ እኛ ጋ ዳታ አልነበረም። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ኢሞ ቢኖር ኖሮ ደላላው በቀጥታ ለእናትየው ነበር የሚልከው፣ ምናልባትም ደንግጠው ያጠፉት ነበር። እህትየው የሚጠፋ ነገር አትወድም።)

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በዚያ ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ያለው ሁለት ነገር ነው፤ ጆንያውና ፊርማው። ጆንያውን ለምን እንደተሸከመ የሚናገረው ግን መርሳ ነው ያለው፣ በአንዲት የተሰነጠቀች ቴክኖ ውስጥ። ዳኛው አላየውም። ማንም አልጠየቀም። የሳዑዲ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ድንበር ማሻገርን በሞት ይቀጣል፤ ነገር ግን ዳኛው ምክንያት ካገኘ ወደ እስራት ዝቅ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። ምክንያቱ በአርባ ሰባት ሰከንድ ተቀድቶ ተቀምጧል። የራሳቸውን ማስረጃ እነሱ ለተከሳሹ አላሳዩትም፤ የእኛን ደግሞ እኛ አልወሰድንላቸውም።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ በማይገባው ቋንቋ ሲከሰስም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጣል። በሥራ ላይ እንዴት እንደሆነ ወልድያ ፍርድ ቤት ደጅ የቆመ ሰው ያውቃል፣ እሱን ለሌላ ቀን። ቢያንስ ግን ተጽፏል፣ ቢያንስ መከራከሪያ ይሆናል። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36ም የውጭ አገር ሰው ሲታሰር «ቆንስላዬ ይወቅልኝ» የማለት መብት እንዳለው ሳይዘገይ ይነገረው ይላል። ልጁን ስንጠይቀው «ቆንስላ ምንድነው?» ነው ያለን።

ናዝራዊት አበራን ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥ 2011 ቻይና ጓንዡ የተያዘችው ወጣት መሐንዲስ። በሻምፑ ጠርሙሶች ውስጥ ከአምስት ኪሎ በላይ ኮኬይን ተገኘባት ተባለ። ቤተሰቦቿ፣ ጓደኛዋ አድርሺልኝ ብላ የሰጠቻት ዕቃ ነው፣ ውስጡ ያለውን አታውቅም አሉ። አገር ተንቀሳቀሰ፤ ሁላችንም ፎቶዋን ለጠፍን፣ ፊርማ አሰባሰብን። እኔም ለጥፌያለሁ። ያኔም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነበር። ዕቃው ቻይና ነው፣ ዕቃውን ማን እንደሰጣት የሚናገረው ማስረጃ ግን አዲስ አበባ። የሀብሩ ልጅ ፎቶ እንኳ የለውም። ያለው የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ የተለጠፈችው ናት፣ እሷም ጠርዟ በውሃ በስብሷል። ካርዷን ግን ደብቀው ይዘዋታል፣ ዕድሜው ያለው እዚያ ብቻ ነውና። የቀበሌው መዝገብ በ2014ቱ ጦርነት የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በካርዱ ስሌት ድንበር ላይ ሲያዝ ገና 17 ዓመቱ ነበር።

ማስረጃ ከአገር ቤት ተነስቶ ሰው ሲያድን አልታየም እንዳትሉኝ። ሜሪ ጄን ቬሎሶ የምትባል ፊሊፒናዊት የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በ2010 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣዋ ውስጥ 2.6 ኪሎ ሄሮይን ተገኘ። ሥራ አስቀጥርሻለሁ ያለቻት ሰው የሰጠቻት ሻንጣ ነው አለች። የቆመላት አስተርጓሚ የሚያናግራት በእንግሊዝኛ ነበር፣ እሷ ደግሞ በደንብ የምታውቀው ታጋሎግ ነው። ሞት ተፈረደባት። ሚያዝያ 29 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ሌሊት ስምንት ሰው ተረሸነ፤ እሷ ዘጠነኛ ነበረች። ከአንድ ቀን በፊት ፊሊፒንስ ውስጥ መልማይዋ እጇን ለፖሊስ ስለሰጠች ግድያው በመጨረሻው ሰዓት ቆመላት። ምስክር ናት፣ ትፈለጋለች ተባለ። ቀስ ብሎም መልማይዋ አገሯ ላይ ተፈረደባት፣ ሜሪ ጄንም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ተመለሰች። አሥራ አራት ዓመት ከስምንት ወር ታስራ ነው፣ ይህን ልርሳው አልልም። ግን በሕይወት ነው የተመለሰችው። ልዩነቱ ማኒላ ላይ አንድ ሰው ተከሰሰ፣ የክሱም ወረቀት ጃካርታ ደረሰ።

እኛ ጋ ደላላው አልተከሰሰም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለን፣ ሰው መነገድንና ድንበር ማሻገርን የሚቀጣ። ድምፁ አለን። ገንዘቡ የገባበት የባንክ ሒሳብ ባለቤት ስም ደረሰኙ ላይ አለ፣ ስሙም ከእኛው ዞን ሰው ነው። እናትየውን ይዤ ወልድያ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለን ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰምቶም አለቀሰ ማለት ይቻላል። «ጉዳዩ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ስለሆነ እኛን አይመለከትም» አለን። እኔም የመጣነው ስለ ደላላው እንጂ ስለ ፍርድ ቤቱ አይደለም አልኩት። «እሱም ቢሆን መጀመሪያ ተጎጂው ራሱ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ» አለኝ። ተጎጂው የት እንዳለ እኮ አሁን ነግሬሃለሁ፣ ወንድሜ!

ከዚያ አዲስ አበባ። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት እህትየው ራሷ ይዛው ሄደች። አንድ መሥሪያ ቤት ድምፁ ወደ አረብኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይምጣ አላት። ትርጉሙን መርሳ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ጅዳ የኖረ ሰው በነፃ ሠርቶልን ነበር፣ ማኅተም ግን የለውም። ማኅተም ያለው ተርጓሚ ተከፍሎት ሠራ። ስትመለስ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከሌለ ከምን ጋር እናያይዘዋለን ተባለች። ግልባጩ የሳዑዲ ፍርድ ቤት እጅ ነው፣ ለልጁም አልሰጡም። ነገሩ እንደ ጅራቷን እንደምታሳድድ ውሻ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ከእኛ ሰፈር ልጆች መካከል አውቆ፣ ለገንዘብ ብሎ የተሸከመ የለም ብዬ አልምልም። ሁለት ሦስት አውቃለሁ፤ አንዱ በዚያ ገንዘብ ወልድያ ላይ ቤት ሠርቷል። ይህ ልጅም ጆንያው ውስጥ ጫት አለመሆኑን በመንገድ ጠርጥሮ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ፣ ሽታው... ሀብሩ ያደገ ልጅ ጫት ያውቃል። እኛ ጋ በጠራራ ፀሐይ ተዘርግቶ የሚሸጥ ቅጠል ነው፤ እዚያ ድንበር ሲሻገር ወንጀል መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። እናትየውን አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ አውቆ ቢሆንስ?» አልኳቸው። አልተቆጡኝም። «አውቆም ከሆነ ይፍረዱበት፣ ግን ሰምተውት ይፍረዱበት። የኔን ልጅ እኮ አልሰሙትም» አሉኝ። ከዚህ ወዲያ እኔ የምጨምረው ሕግ የለኝም።

ጊዜ የለም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳዑዲ በዕፅ ክስ የሚፈጸም የሞት ቅጣትን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቁማ ነበር፤ በኅዳር 2022 መልሳ ጀመረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሐምሌ 2025 ባወጣው ሪፖርት ከ2014 መጀመሪያ እስከ ሰኔ 2025 ድረስ 1,816 ሰው በሞት እንደተቀጣ ቆጥሯል፤ ከእነዚህ 597ቱ በዕፅ ክስ፣ ከዕፁ ሦስት አራተኛ ያህሉ ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች። ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ሪፖርቱ ላይ ዓይኔን የያዘው ግን ቁጥሩ አልነበረም። ቤተሰብ አስቀድሞ አይነገረውም፤ ብዙው የሚሰማው ከተፈጸመ በኋላ ከዜና ወይም አብሮ ከታሰረ ሰው ነው። አስከሬንም አይሰጥም። ያንን አንብቤ ስጨርስ እናትየው ለምን በየሳምንቱ ስልኳን ቻርጅ ላድርግ ብለው እንደሚመጡ ገባኝ። ቤታቸው መብራት አለ። እኔ ጋ የሚመጡት አዲስ ነገር ገብቶ እንደሆነ ሰው ፊት ሊከፍቱት ፈልገው ነው።

ድምፁን ሦስት ቦታ ገልብጫለሁ። አንዱ እኔ ጋ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ እህትየው ጋ፣ አንዱ የተረጎመልን ሰው ጋ። ደረሰኙንና ካርዱን ስካን አድርጌያለሁ። ዋናዋን ስልክ እንዳይሸጧት፣ ለጥገናም ቢሆን ፎርማት እንዳያስደርጓት ለምኛቸዋለሁ። «ሃምሳ ሺ ብር ቢሰጡኝም» አሉኝ። ስልኳ ሺ ብርም አታወጣ።

አሁን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ሳዑዲ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ በዕፅ ክስ የቆመ አረብኛ ጠበቃ የምታውቁ ካላችሁ፣ ለይግባኝ የፍርድ ግልባጭ በምን መንገድ እንደሚወጣ የምታውቁም ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ኮሜንት ላይ ስም እንዳትጽፉ። ሁለተኛ፣ ልጁ በመንገድ ላይ ያለ ወይ የታሰረበት ቤተሰብ ካለ፣ የደላላውን ድምፅ አታጥፉት። መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስልኩን ይዛችሁ ወደ ሱቄ ኑ፣ ለመገልበጥ አላስከፍልም። መብራት ካለ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ።